የቃሩ ጠብታ

ሀብተሥላሴን ቃር የጀመረው የሚስቱን ወንድም ነጋን የደበቀ ሰሞን ነው። በየካቲቱ ጭፍጨፋ ጣሊያን ቤት እያቃጠለ ሰው ሲፈጅ፣ ነጋም አብሮ አለቀ ተባለ። ሬሳው ባይገኝም እህቱ ወለተሰንበት ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ነጋ ግን ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ከኮርቻ ሰፊው ከበከር ጓዳ፣ እስላም መስሎ ቆብ ደፍቶ ቆዳ ይፍቅ ነበር። ይህን ከበከር ሌላ የሚያውቀው ሀብተሥላሴ ብቻ ነው። ለሚስቱ ያልነገራት ጨክኖባት አይደለም። ሰፈራቸውን ልደታን ባንዳ ሞልቶታል፤ እህቱ ማልቀሷን ካቆመች ሰውየው በሕይወት አለ ብለው ፍለጋ መውጣታቸው አይቀርም።

ታዲያ ሚስቱ በየማታው ስታለቅስ እያየ ዝም የሚል ሰው ጨጓራው እንዴት ይረፍ? አብሽ ጠጣ፣ ተልባ ጠጣ፣ የልደታን ጠበል ጠጣ። እሳቱ ከደረቱ አልወርድ አለ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው የጣሊያን ጋራዥ፣ ዕቃ ቤት ከሚጠብቅበት፣ ደረቱን ይዞ ሲያቃስት አለቃው አየው። ጣሊያኑ ራሱ ጨጓራ ነበረበትና ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ሰጠው። ዐሥር ጣቶቹን ዘርግቶም አሳየው፤ ዐሥር ጠብታ በውኃ ማለቱ ነው። ሀብተሥላሴ ግን ይህን ሁሉ እሳት በጠብታ ማጥፋት አልታየውም። አለቃው ዞር ሲልለት ጠርሙሱን አንስቶ ጥሩ አድርጎ ተጎነጨው።

እሳቱስ በረደ። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ አፉ ደረቀ፣ ልቡ ድው ድው ይል ጀመር፣ በእጁ የያዘውን ብሎን እንኳ አጥርቶ ማየት አቃተው። ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። ይህ ነገር አስተናግር ነው! ደብተራ ሌባ ለማናዘዝ ያጠጣዋል፣ የጠጣውም ሰው ዐይኑ ፈዞ ምስጢሩን ይዘረግፋል የሚባልለት ቅጠል።

እርግጥ መድኃኒቱ የቃር መድኃኒት ነበር፤ የተጨመቀበት ቅጠል የአስተናግር ዘመድ መሆኑም እውነት ነው። ጥፋቱ የጉንጩ እንጂ የአለቃው አልነበረም። ግን ማን ይንገረው? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል ይህን ካደረገ አስተናግርማ ምን ይመልሰዋል!

የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ወትፎ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ጌጃ ሰፈር ገሰገሰ፤ ተከትለውኝ ቢሆንስ ብሎ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። ለሰላምታ የሚጠሩትን ሁሉ እየሸሸ በመጨረሻ ቤቱ ገባ።

«ምነው ጌታዬ? ዐይንዎ ምን ሆነ?» አለች ወለተሰንበት።

«አጠጥተውኛል፤ መለፍለፌ ነው። ወለቴ፣ ነጋ አልሞተም። በከር ቤት ነው። እኔ ሳላወጣው ሂጂና አሽሺው!»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በጥፊ አጮለችው። «አንተ!» አለች፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። «ፀጉሬን ስላጭ ቆመህ አየኸኝ አይደል!» ሁለተኛውን ልትደግመው እጇን እንዳነሳች ግን ነገሩ ገና ያን ጊዜ ገባት። ወንድሟ አለ። አፏን ሳትይዘው እልልታው አመለጣት።

እልልታ፣ ያውም ከሐዘን ቤት! ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ድንቅነሽ፣ ልጃቸው ለጣሊያን ያደረው፣ ወዲያው በሩ ላይ ደረሱ።

«ምን ተገኘ? እልልታ ሰማሁ ልበል?»

ሀብተሥላሴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ አንድ ቃል አልወጣውም።

ወለተሰንበት መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ደረቷን መታች። «ለሰርጉ ያስቀመጥኩለት ነው፣ እትዬ! ሳልድረው ቀረ፤ እልልታዬን የት ልውሰደው?» አለችና ደግማ እልል አለች። እንባዋም ወረደ፤ እንባው የምር ነበር።

እትዬ ድንቅነሽ ፊታቸው ተለዋወጠ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ወይኔ ሙሽራው! ወይኔ ነጋ!» እያሉ አብረዋት እልል አሉ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ ሙሽራውን እያነሱ አለቀሱ፤ ወለተሰንበትም በመካከላቸው ተቀምጣ፣ ማንም ተይ ሳይላት፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ እልል አለች።