ድቡ እንደለበሰ ይቆጠራል

«ለሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ። የከተማችን የመጀመሪያው የዲጂታል ድብድብ ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ባካሄደው መደበኛ ስብሰባ፣ በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ካደረገና ነገሩን ከግራም ከቀኝም ካየው በኋላ፣ በጨዋታው ውስጥ የሚገኘው ድብ እንደለበሰ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ውሳኔው ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።»

ማስታወቂያው ሐይቅ ዳር ባለው የወጣቶች አዳራሽ በር ላይ ተለጥፏል። ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ፊርማውን ግማሽ የዋጠ ክብ ማኅተም አለው። ከድቡ ሥር በትንንሽ ፊደል ሌሎች ሦስት ውሳኔዎች ተዘርዝረዋል። አላፊ አግዳሚው ድቡ ላይ ስቆ ያልፋል። የመጨረሻውን መስመር ልብ ብለው ያነበቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ነገሩ የሚመለከተው ወርቁ፣ ሌላው ነገሩ ላይ እጁን ያወጣው ዮፍታሄ።

ዮፍታሄ የኮሚቴው «የቴክኒክ ባለሙያ» ነው። ማዕረጉን ያገኘው ከአራቱ አባላት መካከል ጆይስቲክ በየት በኩል እንደሚያዝ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ተወዳዳሪም ነው። ሕግ አውጪውና ተጫዋቹ እንዴት አንድ ሰው ይሆናሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባለሙያ ከየት ይመጣል?

ወርቁ ደግሞ ከመናኸሪያ የሚነሳ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ተንሸራታቹ በር ቀኝ እጁን ነክሶ ለቀቀው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ስለዚህ ለተሳፋሪ ዕቃ ሲያቀብል በሁለት እጁ ደግፎ፣ ትንሽም ጎንበስ ብሎ ነው። እናቶች «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እያሉ ይመርቁታል። ወርቁ ምርቃቱን ይቀበላል እንጂ አያስረዳም። ማስረዳት ድሮም አይወድም።

ሁለቱ አብረው ያደጉት እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው ቢባል ይቀላል። እጁ ከተጎዳ በኋላ ወርቁ ለአምስት ወር ያህል እየመጣ፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሲጫወት ያይ ነበር። ዮፍታሄ ይህን ማየት አልቻለም። አንድ ቀን የጨዋታውን ማስተካከያ ሲበረብር አንድ አማራጭ አገኘ። ትልልቁን ምት ለማውጣት ግራ አውራ ጣት ግማሽ ክብ ሲያዞር ቀኙ በዚያው ቅጽበት ሦስት ቁልፍ ማከታተል አለበት። አማራጩ ሲበራ ግን አንድ ቁልፍ ይበቃል። በነፃ አይደለም፤ እንዲህ የወጣ ምት ጉልበቱ በሩብ ይቀንሳል። ዮፍታሄ «አቋራጭ» ብሎ ስም አወጣለት።

«ና» አለው ወርቁን። «ና ይኼን ያዝ።»

ያን ቀን ወርቁ ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈው። እስከ አራተኛው ድረስ ዮፍታሄ እየሳቀ ነበር።

ስለዚህ ወርቁ ከስብሰባው በፊት «ያቺን ነገር አደራ» ሲለው ዮፍታሄ ተቀየመ ማለት ይቻላል። «እኔን ነው አደራ የምትለኝ? ያገኘሁልህ እኔ አይደለሁ?» አለው። ከልቡ ነበር። አራት መስመር መከራከሪያም ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከከተማው ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ አቋራጩ ካለ ያ ሰው ወርቁ፣ ከሌለ ግን ምናልባት እሱ ራሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህንን ወረቀቱ ላይ አልጻፈውም።

ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀመረ። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ በወጣትነታቸው የጠረጴዛ ቴኒስ ዳኛ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ከኳሱ ይልቅ ለቃለ ጉባኤው የሚጨነቁ ሰው ናቸው።

«ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ ይሁን። አምና የዳማ ውድድር ላይ አንድ የተለየ ሐሳብ ተመዝግቦ፣ ሪፖርቱ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። አልተግባባችሁም ወይ እያሉ። ደግሞ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይኖር። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት በላይኛው ቢሮ ዓይን እንዳልተጻፈ ነው።»

የመጀመሪያው አጀንዳ አልባሳት ነበር። ጨዋታው ለተፋላሚዎቹ የሚቀያየር ልብስ ይሰጣል፤ አንዳንዱ የዋና ልብስ ነው። ቤተሰብ ይመጣል፣ ፓስተርም ሊመጣ ይችላል ተብሎ የዋና ልብስ ያለ ክርክር ታገደ። ጣጣው የመጣው ከድቡ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው የለበሰው?» አሉ አቶ ደምሴ፣ ስልካቸው ላይ ያለውን ምስል በሁለት ጣት እያጎሉ።

«ምንም» አለ የተማሪ ተጫዋቾች ተወካዩ ሚኪያስ።

«እንዴት ምንም?»

«ድብ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሴቶቹን ልበሱ ብለን እሱን ራቁቱን ልናስገባው ነው? ነገ ሰው ምን ይለናል?»

«ፀጉር አለው» አለች ጸሐፊዋ ታቢታ፣ ከምትጽፈው ቀና ሳትል።

«ፀጉርማ እኔም ደረቴ ላይ አለኝ።»

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። ሱሪ ይደረግለት የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ጨዋታው ለድብ ሱሪ እንደሌለው ዮፍታሄ በባለሙያነቱ አስረዳ። ድቡ ከነጭራሹ ይታገድ ሲባል፣ ከተማሪዎቹ ግማሹ በድብ እንደሚጫወት ሚኪያስ በቁጣ አሳወቀ። በመጨረሻ ፀጉሩ የተፈጥሮ ልብሱ ሆኖ፣ እንደለበሰ እንዲቆጠር አራት እጅ ወጣ። አቶ ደምሴ ግንባራቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

ሙዚቃው ዝቅ ይበል ተባለ። የሚፈርስ ግድግዳ ያለበት ሜዳ የሕዝብ ንብረት ማውደምን ያለማምዳል ተብሎ ታገደ። ይሄኔ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ ከአጠገቡ ካለው ምግብ ቤት የዓሣ ጥብስ ሽታ በመስኮቱ መግባት ጀምሮ ነበር።

«አራተኛ» አሉ አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን እያዩ። «አቋራጭ የሚባለው። ምንድን ነው?»

«ኩረጃ ነው፣ ጋሼ» አለ ሚኪያስ። «አንዱ ዓመት ሙሉ ይለማመዳል፤ አንዱ ቁልፍ ነክቶ ይመታዋል። ተማሪዎቹ በጣም ቅር ብሏቸዋል።»

ተማሪዎቹ ቅር ያላቸው ባለፈው ወር ወርቁ ጌም ቤት ውስጥ ተራ በተራ እያሸነፈ ስላባረራቸው ነው። የሚኒባስ ረዳት።

«ባለሙያው ምን ይላል?»

ሁሉም ዮፍታሄን አዩት። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ፣ እዚያው ወረቀቱን ከላይ ዳበሰና ተመለሰ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ከሁለቱም አቅጣጫ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።»

ይህን ሲል ድምፁ የአቶ ደምሴን ድምፅ መሰለው።

ታቢታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወርቁስ?» አለች። «እጁን አላያችሁትም?»

«ታቢታዬ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ሕግ አይወጣም።»

«ለአንድ ድብ ግን ወጣ።»

አቶ ደምሴ ሳቁ። «ይቺ ቀልደኛ። ይኼ ቃለ ጉባኤው ላይ አይግባ። በሉ እጅ እናውጣ፤ ይታገድ የሚል?»

የእሳቸው ወጣ። የሚኪያስ ወጣ። ታቢታ ወደ ዮፍታሄ ዞረች። «አንተ ካላወጣህ አላወጣም» አለችው ቀስ ብላ። ተቃውሞው አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል ማለቷ ነው፤ ሁለት ሰው ደግሞ አይገፋም።

ዮፍታሄ ሪፖርቱ እንደሚመለስ አሰበ። ውድድሩ ሊሰረዝ እንደሚችል፣ ያኔ ወርቁም እንደማይጠቀም አሰበ። ይህን ሁሉ ያሰበው ግን እጁ ከወጣ በኋላ ነው። አምስቱም ጣቶቹ አየር ላይ ቀጥ ብለው ነበር፤ ሲያወርዳቸው አንድም ሳያስቸግረው ታጠፉ። ታቢታ የእሷን እጅ እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ አነሳችና ጻፈች፦ በሙሉ ድምፅ።

ወርቁን ያገኘው በማግስቱ፣ ማስታወቂያው ፊት ነው።

«ኮሚቴው ወሰነ» አለው ዮፍታሄ። ሰማዩ ዘነበ እንደሚባለው።

«አንተስ?»

«በሙሉ ድምፅ ነው እኮ የሚለው።»

ወርቁ መስመሩን ደግሞ አነበበው። «እሺ» አለ። «ምዝገባው እስከ መቼ ነው?»

ቢሰድበው ይሻል ነበር። ዮፍታሄ ለስድብ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ለ«እሺ» ግን አላዘጋጀም።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ፣ አዳራሹ ሞላ። ፓስተር አልመጣም። ድቡ ለብሶ መጥቷል። ወርቁ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አጋደመና በመሀል ጣቱ አንጓ ይነካው ጀመር። ትልልቁ ምት የለም፣ እሳት የለም፣ መብረቅ የለም። መከላከል፣ አንዲት ትንሽ እርግጫ፣ እንደገና መከላከል። ተፋላሚው ከባላንጣው ሥር ቁጭ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ይነካዋል። ሰው ሰለቸው፣ አፏጨበት፤ ከኋላ አንዱ «ረዳት፣ ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹም ሳቀ። ወርቁ ዞር አላለም። አንድ ተማሪ ወጣ፣ ሁለተኛውም ወጣ፣ ሦስተኛው ከነድቡ ወጣ። ፍጻሜው ላይ ጎኑ የተቀመጠው ዮፍታሄ ነበር።

ሁለት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ወርቁ ወሰደ። በሁለተኛው ዮፍታሄ የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ወርቁ ግን ሁሉንም ያውቀዋል፤ አምስት ወር ከኋላ ተቀምጦ ያጠናው የዮፍታሄን ጣቶች ነው። የዮፍታሄ ተፋላሚ ዕድሜ በፀጉር ልክ ቀረ። አንዲት እርግጫ ትበቃዋለች። አዳራሹ ማፏጨቱን ረሳ።

ወርቁ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሁለት እጁ ደግፎ፣ ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ብድግ ብሎ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ጃኬቱን አነሳ።

ስክሪኑ ላይ የእሱ ተፋላሚ እጁን ሳያነሳ ቆሞ ይተነፍሳል። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት። ዮፍታሄ ቀና ብሎ ወርቁን አየው። ማንም ምታ አላለውም። ሰዓቱ አልቆ በነጥብ ሊሸነፍ ይችል ነበር። እሱም ጆይስቲኩን ሊያስቀምጥ ይችል ነበር፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦታል። አውራ ጣቱ ግን ግማሽ ክብ ዞረች፣ ሦስቱም ቁልፎች ተከታተሉ፣ መብረቁ ወጣ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ወርቁ አልተቀመጠም፤ ዮፍታሄ አሸናፊ ተባለ። ሚኪያስ ብቻውን አጨበጨበ።

አቶ ደምሴ ያላጨበጨቡት እጃቸው ቅጽ ይዞ ስለነበር ነው። ውድድር ያቋረጠ ተወዳዳሪ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ፤ ከሥሩ የራሱ የተወዳዳሪው ፊርማ። ሳጥኑ ካልተሞላ ውጤቱ አይጸድቅም፤ ካልጸደቀ ከሐዋሳ የሚሄድ የለም። ወርቁን በሩ ላይ ደረሱበት።

«ወርቁ ልጄ፣ አሞኝ ነው በል።»

«አላመመኝም፣ ጋሼ።»

«እጄን ነው በል።»

«እጄ ደህና ነው።»

«እሺ፣ የግል ጉዳይ። የግል ጉዳይ ማን ይጠይቅሃል? ታቢታ፣ የግል ጉዳይ ብለሽ ጻፊ።»

«የግል ጉዳይ የለኝም። አልፈርምም» አለ ወርቁ።

አቶ ደምሴ በሲዳምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ ኮሚቴያቸው ዞሩ። «እንግዲያው እኛው እንወስን። ምክንያቱ የግል ጉዳይ ነው፤ እሱ ባይፈርምም በሙሉ ድምፅ ከሆነ ይቀበሉናል። እጅ እናውጣ።» የእሳቸው ወጣ። የሚኪያስ ወጣ። የዮፍታሄ እስከ ትከሻው ወጥቶ ቆመ።

«ታቢታ?»

«እጄ ሥራ ይዟል» አለች ታቢታ፣ እስክሪብቶውን እያሳየች። ምንም አልጻፈችም።

«አንተ ጠይቀው» አሉ አቶ ደምሴ ዮፍታሄን። «ጓደኛህ አይደል?»

ዮፍታሄ ተጠጋ። ወርቁ በሩ ላይ፣ ማስታወቂያው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ስሜን ጥራ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዮፍታሄ እጁን ስላወጣ በል። ታቢታ ትጽፈዋለች፣ እኔ አልቃወምም።»

ወርቁ የማያውቀውን ተሳፋሪ እንደሚያይ አየው።

«ስምህን ማን አነሳ?»

«ታዲያ ለምን ተውከው? አንዲት እርግጫ ነበር የቀረችህ። ይኼን ብቻ ንገረኝ፤ ቅጹ ይቅር፣ ለእኔ ንገረኝ።»

ወርቁ የጃኬቱን ዚፕ በግራ እጁ እስከ አገጩ ዘጋ።

«አልናገርም» አለ።