ሕመሙን ደብቆ ነበር

«እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ፣ እናቴ» አለ የኢሲድሮ አለቃ የነበረው መቶ አለቃ ባልዶሳ፣ ወረቀቱን ወደ ኔኒታ እያስጠጋ።

ኔኒታ አነበበችው። ወታደር ኢሲድሮ በጦር ሰፈር ውስጥ በወባ የሞተው ሕመሙን ከአለቆቹ ደብቆ ስለነበረ ነው ይላል። ልጇ ባንዲራ በለበሰ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ሳሎኑ መሐል ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሳማር ደሴት ሬሳ ተቻኩሎ አይቀበርም፤ ጎረቤት ካርታ እየተጫወተ፣ የዝንጅብል ሻይ እየጠጣ አብሮ ይሰነብታል።

«ኢሲድሮ? ሕመም ደበቀ?» አለች እህቷ ሚሊንግ፣ ካርታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «እሾህ ሲወጋው እንኳ ቄስ ጥሩልኝ የሚል ልጅ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቷን ነው። በሰባት ዓመቱ ጥርሱ የወለቀ ዕለት አፉን ከፍቶ ሰፈሩን ያዳረሰ፣ ከየቤቱም ሙዝ ሰብስቦ የተመለሰ ጉደኛ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ትኩሳት ደበቀ ብሎ መጻፍ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ኔኒታ አልሳቀችም። ትናንት በፖስታ የመጣውን፣ ሬሳው የቀደመውን የልጇን ደብዳቤ ከጉያዋ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች።

«እማ፣ እዚህ ዝናቡ አያባራም፤ ድንኳናችንም ወንፊት ሆኗል። ሩዙን ከነነቀዙ እንበላለን፤ ሥጋ አጣን እንዳንል ይሆናል። ወባ ይዞኛል። ስንቀጠቀጥ አልጋዬ ስለሚንጫጫ ጓደኞቼ ‹ሙዚቀኛው› ይሉኛል። ለመቶ አለቃው ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ‹አንተ ሰነፍ፣ ጠመንጃህን አንሳ› አለኝ...»

«ሁለት ጊዜ ነው!» ብሎ ጮኸ መቶ አለቃው።

ካርታ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ሁለቱም ይበቃ ነበር፣ ልጄ» አለችው ኔኒታ።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ በእፍኟ ቢጫ ጫጩት ይዛ ነበር። ባንዲራውን ገለጥ አድርጋ፣ የልጇ ፊት ከሚታይበት መስታወት አጠገብ ሳጥኑ ላይ አቆመቻት። ጫጩት የሚቀመጠው ሕይወቱ በሰው እጅ ለጠፋ ብቻ ነው፤ ጫጩቷ በጫረች ቁጥር የገዳዩ ልብ ይጫራል ይባላል።

የባልዶሳ ፊት አመድ መሰለ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ለተገደለ ሰው ነው! እሱን የገደለው ወባ ነው!»

«ወባማ ማመልከቻ አልቀረበላትም። የቀረበው ላንተ ነው።»

«በሉ አንሷት! በባንዲራ ላይ ነውር ነው!»

«ወንድ ከሆንክ ራስህ አንሳታ!» አለች ሚሊንግ።

እጁን ዘረጋ። ጫጩቷ ቀና ብላ አየችው፤ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ቆቡን አንሥቶ፣ ወረቀቱን እንኳ ሳይዝ ወጣ።

ኔኒታ ወረቀቱን ቀዳደደችና ለጫጩቷ መቆሚያ አነጠፈችላት። ልጇ በዚያ በድንኳኑ አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ አለመኖሯ አንገበገባት። መዳፏን በመስታወቱ ላይ፣ ልክ ከግንባሩ በላይ አሳረፈች።

«ትኩሳቱ ለቆታል» አለቻቸው።