ቀበሮዋን ማን ሳታት?

ገለታ እንደሚለው ቀበሮዋ ያመለጠችው መብራቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ጋሼ ዕቁባይ እንደሚሉት ግን መብራቱ ዓይኗ ላይ ቀጥ ብሎ አርፎ ነበር፤ ገለታ ቃታ እስኪስብ የበግ ግልገል ይዛ አጥሩን ተሻገረች።

በጎቹ በስደት በሚኖሩበት አገር፣ ዋይንድሃም ቬል በምትባል ሰፈር ዳር በኪራይ በተያዘ መስክ ላይ የሚረቡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች የጋራ ሀብት ናቸው። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ሁለቱ ይጠብቃሉ፤ ፈቃድ ያለው ገለታ ይተኩሳል፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የጠበባቸው ጋሼ ዕቁባይ የእጅ ባትሪ ያበሩለታል። በሁለት ሳምንት አራት ግልገል ስለተበላ ማኅበሩ «መላ ፈልጉ፤ አለዚያ በጎቹ ይሸጡ» ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃ መሸጫ ገቡ። ሻጩ ጠመንጃ ላይ የሚታሰሩ ሁለት መብራቶች አወጣ። ትልቁ ሩቅ ያበራል፤ ነገር ግን አፈሙዙን ወደ ታች ይጎትታል፤ ባትሪውም ወገብ ላይ ይታጠቃል። ትንሿ ከመዳፍ አታልፍም፤ ብርሃኗ ጠባብ ቢሆንም ሃምሳ እርምጃ ድረስ ጥርት አድርጋ ታሳያለች።

«ይቺ ካለችህ መብራት ያዥ አያስፈልግህም» አለ ሻጩ።

ገለታ ይህን አልተረጎመም። የጋሼ ዕቁባይ እንግሊዝኛ ግን ለዚህ አያንስም።

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከሥራ የምታባርረኝ ይቺ ሚጢጢ ናት?» አሉ።

ገለታ መሳቅ ፈልጎ አቃተው። ሽማግሌው ከእነዚያ ሁለት ምሽቶች ሌላ መውጫ እንደሌላቸው ያውቃል። በጎቹ ደግሞ የሰው ናቸው።

ጋሼ ዕቁባይ ከመደርደሪያው አንድ የእጅ ባትሪ አንስተው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአጋዘን ራስ አበሩ። ክቡ ብርሃን ከቀንድ ወደ ቀንድ ይዘል ጀመር። በሁለት እጃቸው ያዙት። አሁንም ዘለለ።

«እጀታው አይመችም» አለ ገለታ ፈጠን ብሎ።

«ውሸት አያምርብህም፣ ልጄ። ዕቃው ደህና ነው፤ እጄ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሻይ እንኳ ይደፋብኛል።» ባትሪውን አጥፍተው አስቀመጡት። «ያን ቀን የሳትኳት እኔ ነኝ። ትንሿን ግዛና ብቻህን ሂድ።»

ገለታ ትንሿን በእጁ አገላበጣት። በእሷ ቀበሮ ልፈልግ ቢል አፈሙዙን በየቁጥቋጦው ማዞር ሊኖርበት ነው፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለው የጎረቤት ውሻ ይሁን ሰው ሳያውቅ። ይህ አያሰጋም ወይ ብሎ ሻጩን ጠየቀው።

ሻጩ አገጩን አከከ። «እሱስ ልክ ነህ። መጀመሪያ በሌላ መብራት አይተህ መለየት አለብህ።»

ገለታ ትንሿንም የእጅ ባትሪውንም ወደ ሻጩ ገፋ አደረጋቸው።

«ለመፈለግ የሚንቀጠቀጥ እጅም ይበቃል፣ ጋሼ፤ የማይሆነው ለመተኮስ ነው» አለ። «ሁለቱንም እንገዛለን። ትንሿን ጠመንጃው ላይ አስራታለሁ፤ እርስዎ ‹ቀበሮ ናት› ሳይሉ ግን አላበራትም።»