ለለቅሶ የተሞሉ ቀለሆች

አቶ ዳልጮ ከካምባ በላይ ካለው ደጋ ወርደው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ልጃቸው ቤት ሲተኙ እንደማይድኑ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሐኪሞቹ ጉበታቸው አልቋል ብለዋል። ሽማግሌው ደግሞ ከሐኪሞቹ ቀድመው አውቀውታል። ሞቱን አልፈሩትም። የፈሩት ዝም ያለ ለቅሶ ነው።

በእሳቸው መንደር ነብር የገደለ ሰው ሲሞት እንዲሁ ተለቅሶለት አይቀበርም። ወንዶቹ ጦር እየሰበቁ የለቅሶውን ሜዳ በሩጫ ይዞሩታል፤ ከልጆቹ አንዱም የሟቹን ጠመንጃ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ተኩስ ያልተሰማለት ሰው ነብር ገዳይ ነበር ቢባል ልጅ እንኳ አያምንም። አቶ ዳልጮ በጎልማሳነታቸው የሰው በግ የጨረሰ ነብር ገድለዋል። ፈቃድ ያላት አሮጌ ምንሽራቸው አሁንም አለች። ለእሷ የሚሆን ጥይት ግን ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል።

«የአባቴ ለቅሶ ላይ ጠመንጃው ነጥፎ ሴቶቹ ብቻ ጮኹ» አሉ አንድ ቀን ትራስ ተደግፈው። «እኔም እንደዚያ ልሸኝ ነው?»

«አይሆንም፣ አባ» አለ ልጃቸው ዮናስ። «እኔ አገኛለሁ።»

«ያገኘ ይተኩስ እንግዲህ። ወንድምህ ዘመድኩን በኩር ነኝ ብሎ እንዳይከራከርህ፤ ነግሬዋለሁ።»

የዮናስ ሚስት ማህደር አልጋው ግርጌ ቆማ የአጥሚቱን ብርጭቆ እየጠበቀች ነበር። ባሏ የት እንደሚያገኘው ለመጠየቅ አፏ ድረስ መጥቶላት ተወችው። ማህደር እንዲህ ናት። አባቷ ከሰሜን ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሴቻ ተወልዳ፣ ሴቻ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዞን መሥሪያ ቤት ገብታለች። በስብሰባ ላይ ስትናገር ከፊት የተቀመጡት ሳይቀሩ «ምን አለች?» ይባባላሉ።

ዮናስ የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነው። ጥይት ከሚሸጥ ሰው ይልቅ በእጁ ያለውን ሙያ አመነ። አባቱ ከጥንት ጀምሮ ያስቀመጧቸው የተተኮሱ ቀለሆች በአንድ ከረጢት ነበሩ። እነሱን መልሶ መሙላት እንደሚቻል ስልኩ ላይ በቪዲዮ አየ። ከግቢው ጀርባ ያለችውን የሰርቪስ ክፍል ጠርጎ የድሮ የተማሪ ዴስክ አስገባ፣ ዳሩ ላይ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ አሰረ፣ ከአሮጌ የመኪና ክሪክ መጭመቂያ በየደ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ተዋሰ። ባሩዱን ከማን እንዳመጣው ለማህደርም አልነገራት።

«ፈቃዱ የጠመንጃው ነው እንጂ የዚህ አይደለም» አለችው በር ላይ ቆማ።

«ለለቅሶ ነው እኮ፣ ማሂ።»

«ፖሊስ ለቅሶና ሽፍትነት የሚለይ ይመስልሃል?»

«ስለዚህ ዝም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ በዝምታ የሚያህልሽ የለም።» ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀች።

ቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ብቻቸውን ነበር የሚሠሩት። በር ዘግተው፣ ስልክ አጥፍተው፣ የሚያናግራቸው ሳይኖር። ይህን ነገር ዮናስ አይቶታል፤ ግን ልብ አላለውም። በእነሱ ቤት ደግሞ በሽተኛ ተኝቷል። በሽተኛ የተኛበት ቤት በሩ አይዘጋም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ልጅየው ወጥቶ መጨበጥ፣ ወንበር መስጠት፣ የሕመሙን ታሪክ ከመነሻው መተረክ፣ «እግዜር ይማርልህ» ሲባል «አሜን» ማለት አለበት። ያልወጣ ልጅ አባቱን የሰለቸ ነው።

ባሩዱን የሚሞላበት ቀን ቅዳሜ ሆነ። መብራት ጠፍቷል፤ ክፍሏም መስኮቷ ትንሽ ናት። ዮናስ ቀለሆቹን ቀዳዳ ቀዳዳ ባላት ጣውላ ላይ አቁሞ፣ ጣውላዋን አጭር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እየመዘነ ከበሩ ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ይሞላ ጀመር። ግማሹን እንደሞላ ማህደር ጠራችው። ጎረቤታቸው እትዬ ሻሺቱ ከዕድርተኞቻቸው ጋር መጥተዋል።

«ምነው ፊትህ ጥላሸት መሰለ?» አሉት እትዬ ሻሺቱ እጁን ይዘው። «ይቺ ልጅ ከሰል ታስነድድሃለች እንዴ?»

«ብየዳ ነው፣ እትዬ።»

«ብየዳውን ተውና አባትህ አጠገብ ቁጭ በል። ብረት ይጠብቅሃል፣ እሳቸው አይጠብቁህም።»

እንግዶቹ ሲበዙ ዳቦና ሻይ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አነሰ። ማህደር ወደ ሰርቪስ ክፍሏ ሮጣ ጣውላዋን በሁለት እጇ በጥንቃቄ አነሳች፣ መስኮቱ ጥግ አስቀመጠቻት፣ አጭሩን ጠረጴዛ ይዛ ወጣች። እንግዶቹ ሲሄዱም መለሰችው። ጣውላዋንም ቦታዋ ላይ አደረገቻት። አንዲት ፍሬ ባሩድ አላፈሰሰችም፤ በዚያም ደስ አላት። ዮናስ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፣ አረሮቹን በቀለሆቹ አፍ ላይ ገጠመ፣ ጨረሰ።

አቶ ዳልጮ በሳምንቱ አረፉ።

አስከሬኑን ለመውሰድ ከመንደሩ ሰዎች መጡ። ከእነሱም ጋር የቀበሌው ሚሊሻ ጌዲዮን ነበር፤ ከዘመድ ይቆጠራል፣ ግን የመንግሥት ሰው ነው። ዘመድኩን፣ የዮናስ ታላቅ ወንድም፣ ካምባ ጠበቃቸው። ከፊት ወንበር የነበረችውን ጠመንጃ በመስታወቱ አያትና ዓይኑን መለሰ።

ከካምባ በኋላ ዳገቱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሰዎቹ ወርደው ድንጋይ ሲፈልጉ ማህደር ባሏን ለብቻው አገኘችው። ጥይቶቹ በኮቱ ኪስ ነበሩ፤ ክብደታቸው ኮቱን በአንድ ጎን ጎትቶታል።

«እርግጠኛ ነህ ግን፣ ዮኒ?» አለችው ዝግ ብላ። «ባሩዱን ስትሞላ ከመሐል ነው ያስነሳሁህ።»

«መቶ ጊዜ ብታስነሺኝም አልሳሳትም። ከበሩ ጫፍ ጀምሬ ወደ መስኮቱ ነው የሞላሁት። ከመስኮቱ በኩል ያለው ባዶ ነው፤ ስመለስ እሱን ሞላሁ። በቃ።»

«ውስጡን አይተኸዋል?»

«በዚያ ጨለማ? ባሩዱ እኮ ከታች ነው የሚተኛው።»

«ዮናስ! ትከሻህን አምጣ!» ብሎ ዘመድኩን ተጣራ። ዮናስ ሄደ።

ማህደር ጭቃው መሐል ቆማ ቀረች። እጆቿ ጣውላዋን ሲያነሱ፣ ወደ መስኮቱ ሲዞሩ፣ በኋላም ሲመልሱ ታያት። ስታነሳ ከበሩ በኩል ነበረች። ስትመልስ ግን ከመስኮቱ በኩል ነው የመጣችው። ጣውላዋ ሁለት ጫፏ አንድ ዓይነት ነው፤ አዙራታለች። እንግዲያው ባዶዎቹ ባዶ እንደሆኑ ተዘግተዋል፤ የተሞሉት ደግሞ በላዩ ላይ ተሞልተዋል። እጥፍ የጎረሰች ጠመንጃ ወደ ፊት ብቻ እንደማትተኩስ ዮናስ ራሱ ነግሯት ነበር።

ልትነግረው ስትሮጥ መኪናው ተነቃነቀ፣ ግን አልወጣም። «ከዚህ በሸክም ነው» ተባለ። ወንዶቹ ሳጥኑን አንስተው እየጮኹ ቀደሙ። በዚያ አገር ከአስከሬን ፊት ሴት አትሄድም። ማህደር ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቀረች። አጠገቧ ያሉትን አሮጊት «እባክዎ፣ ዮናስን ጥሩልኝ፣ አንድ ቃል አለኝ» ብትላቸው፣ አማርኛው አልገባቸውም፤ ያዘነች ምራት መስላቸው አቅፈዋት እያባበሉ በጋሞኛ አለቀሱላት።

የለቅሶው ሜዳ ሲደርሱ ጉም ወርዷል። ወንዶቹ መዞር ጀምረዋል። ዮናስ መሐል ሜዳ ላይ ምንሽሯን ይዞ ቆሟል። ጌዲዮን ጠመንጃውን አንግቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ነበር። ማህደር ጥይቱ ቤት የተሠራ ነው ብላ ብትጮህ ባሏ ከአባቱ መቃብር ቀጥታ እስር ቤት ነው። ዝም ብትል ደግሞ እዚያው ይወድቃል።

ከእግሯ ሥር ሣር ነበር፤ እርጥብ፣ ለምለም። በእፍኟ ነቀለች።

ጋሞ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ የማይሻር በደል፣ ቤት የሚያፈርስ። ይህን የሚያደርጉት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እሱም ጦር ሊማዘዝ ሲል ነው። ሴት፣ ያውም የሌላ አገር ሰው ልጅ፣ ለቅሶ ሜዳ ላይ ስታደርገው ያየ የለም። ማህደር የሯጮቹን ክብ ሰብራ ገባችና ባሏ እግር ሥር ተንበረከከች። ሩጫው ቆመ፤ ሜዳው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

«አትተኩስ» አለችው። «ለምን እንደሆነ እዚህ አልነግርህም። አትተኩስ።»

ዮናስ ዓይኗን አየ። ምክንያቱን አላወቀም፤ ግን ማህደር በሰው ፊት የምታደርገው ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሣር ይዛለች፣ ይተውላት» አሉ።

«ምኑን ነው የሚተውላት?» ዘመድኩን መጣ። «የሴቻ ልጅ ርችት ፈራች ብለን አባባን እንደ ድመት ልንቀብረው ነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«ሣር ይዛለች፣ ዘመድኩን» አሉ ሽማግሌው እንደገና።

«ሣሩን የያዘችው ለባሏ ነው። ለእኔ የተንበረከከ የለም።»

ሽማግሌው መንገዱን ለቀቁ። እውነቱን ነው፤ ሣር የሚያስረው የተያዘለትን ሰው ነው። ዘመድኩን ጠመንጃዋን ከወንድሙ እጅ ወሰደ፣ ጥይቶቹንም ከኮቱ ኪስ ዘገነ። ዮናስ በሰው ሁሉ ፊት ያፈረ ሰው ነበርና ለቀቀለት። በኩሩ አንዷን አጎረሰ፣ ወደ ጉሙ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ።

ቀጭ አለች። ሌላ ምንም።

ከኋላ አንዱ «የከተማ ጥይት ጾም ላይ ናት» አለ። ሳቁ በሜዳው ዞረ። ዘመድኩን ፊቱ ጠቆረ፣ የከሸፈችውን ጥይት አውጥቶ ጣለና ሌላ አጎረሰ።

አንዷ ባዶ ከሆነች ከቀሩት መሐል እጥፍ የጎረሱ እንዳሉ ለማህደር ግልጽ ነበር። በጉልበቷ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ ዘመድኩን፣ ጥይቱ ልክ አይደለም» አለች። በቢሮ እንደምትናገረው ነበር የተናገረችው፣ ከዚያ በላይ ድምፅ አልወጣላትም። ሴቶቹ ሙሾውን አንስተው ነበር። ከእሷ አንድ ክንድ የማይርቀው ባሏ ብቻ ሰማት፤ እጁን ዘረጋ።

የተሰማው ድምፅ የጠመንጃ ድምፅ አይመስልም። የምንሽሯ ኋላ ተገንጥሎ ወደ ዘመድኩን ፊት ተመለሰ።

ጉሙና ጭሱ ሲለያዩ ዘመድኩን መሬት ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ፊቱን ይዞ ነበር። ሌላኛው እጁ የሚይዝ እጅ አልነበረም። አልጮኸም። የጮኹት ሌሎቹ ናቸው። ጌዲዮን ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ብረት አነሳ።

«ጥይቱ የማን ነው?» አለ።

ዮናስ ሚስቱን አየ። አሁን ገብቶታል፤ ምኑ እንደሆነ ባያውቅም ከሥራው እንደሆነ ገብቶታል። «የአባታችን ነው» አለ። «ከድሮ የተረፈ።»

ማህደር ሣሩ ላይ ተንበርክካ ሰማችው። ምንም አላለችም።

ወሬ በካምባ ገበያ እግር አውጥቶ ሄደ። ዳልጮ ጠመንጃውን ለታናሹ ሰጥቶ ነበር፤ በኩሩ ቀማ፤ የሙት ጥይት በላው ተባለ። ዳልጮ ነብር ገዳይ መሆኑን ያነሳ ሰው አልነበረም። ልጁን የበላ ሽማግሌ ሆነ። መንደርተኛው በመቃብሩ በኩል የሚያልፈውን የውኃ መቅጃ መንገድ ትቶ በላይ መዞር ጀመረ።

ዘመድኩን አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኛ። ሁለቱም ዓይኖቹ አይመለሱም ተባለ። ማህደር ከሥራ ስትወጣ ሾርባ ይዛ እየሄደች ታጎርሰዋለች። ዮናስ ኮሪደር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከወንድሙ አልጋ አጠገብ ብዙ አይቆይም።

አንድ ከሰዓት ማንኪያውን በግራ እጁ መለሰባት።

«አባባን ምን በድዬው ነው?» አለ በፋሻው ውስጥ። «ጠመንጃውን ወሰድኩ፣ እሺ። ለእሱው ብዬ ነበር እኮ። ሬሳ ሆኖ እንኳ ልጁን ይረግማል?»

ማህደር ሳህኑን አስቀመጠች። «አባባ አይደሉም» አለች።

«ምን?»

«አባባ አልረገሙህም።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አጠገብ ያለው በሽተኛ አንገቱን ቀና አደረገ። «ጥይቱን ዮናስ ነው ቤት የሠራው። ጣውላዋን ያዞርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።» ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ መስኮቱ ነገረችው። ጭቃው መሐል ቆማ እንደገባት ነገረችው። ያኔ ስለምን ተንበርክካ ዝም እንዳለች ነገረችው።

ዘመድኩን ፋሻውን በግራ እጁ ዳሰሰ።

«ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ደጋ ወጥተሽ ንገሪያቸው።»

«ዮናስ ይታሰራል፣ ጋሼ።»

«ይታሰራል» አለ ዘመድኩን። «አባባ እዚያ ዳገት ላይ ብቻውን ነው። ሰው ዞሮ እያለፈው ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ማህደር ሳህኑን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዮናስ ከአግዳሚው ተነሳ።

«በላልሽ?» አላት።

«ነገርኩት» አለች።

ተመልሶ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ የካምባ መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቀችው፤ እሱም ነገራት።