ሦስተኛው ምስማር

ክብሩ ወደ ካምባ ሲሄድ ልጁ ቤተል ተኝታ ነበር። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ጣጣ ነው።

መቼም በእኛ አገር ትንሽ ልጅ ያለው ሰው መንገድ የሚሄደው ተደብቆ ነው። ልጅ እንዳያለቅስ ተብሎ ጫማ በእጅ ይያዛል፣ በር ቀስ ተብሎ ይገፋል፣ ደህናው ሰውዬ ከገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ይወጣል። ክብሩ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ወደ ካምባ ሲዛወር ጎረቤታቸው እትዬ ባዩሽ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ይህንኑ መከሩ። ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ ለስድስቱም ሠርቶላቸው ይሆናል። ቤተል ግን ከስድስቱ አንዷ አይደለችም።

ቤተል ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ቃል አታበዛም፤ ነገር ሁሉ በተራው ከመጣላት ግን ማንንም አታስቸግርም። ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ አራት ምስማር ተመትቷል። ይህን መላ ለእናቷ ለማሚቱ ያሳየቻት አስተማሪዋ ማዕዶት ናት። በመጀመሪያው ምስማር ኩባያ ይሰቀላል፣ ቁርስ ማለት ነው። በሁለተኛው ማበጠሪያ። በሦስተኛው የአባቷ ቆብ፣ በባጃጅ የሚያደርሳት እሱ ነዋ። በአራተኛው ቦርሳዋ፣ ትምህርት ቤት። አንዱ ሲያልቅ ዕቃው ወርዶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ማሚቱ "መጀመሪያ ኩባያ፣ ቀጥሎ ማበጠሪያ" ትላለች፤ ቤተልም "ቀጥሎ" የምትለዋን ቃል ከሁሉ አስበልጣ ትወዳታለች።

ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ክብሩ ቆቡን አድርጎ ሄደ። አላሰበበትም፤ ሰው ቆቡን ሳያደርግ መንገድ ይወጣል እንዴ? ማሚቱ ነቅታ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ወደ እነሱ ሲያይ አየችው፣ ዓይኗን ግን ጨፍና ቀረች። ከተነሳሁ አለቅሳለሁ ብላ ፈራች።

ጠዋት ቤተል ኩባያዋን አወረደች፣ ማበጠሪያውን አወረደች፣ ከዚያም ባዶው ምስማር ፊት ቆመች። እስከ ቀትር ቆመች። ማሚቱ ቦርሳውን አንስታ ልታሳዝላት ብትሞክር ጩኸቱ መንደሩን ሰበሰበው። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው። ማሚቱ ገበያ ወርዳ ያንኑ የሚመስል ቆብ ገዝታ ሰቀለች፤ ቤተል አወረደችውና ከአጥር ውጭ ወረወረችው። ክብሩ በየማታው ይደውላል፤ ልጅቷ ስልኩን ታይና ወደ ግድግዳዋ ትመለሳለች። ሦስት ሳምንት ከግቢው በር አልወጣችም።

ማሚቱስ? ማሚቱ ናፍቆት አንጀቷን በልቶት ነበር፤ ግን ለማን ታወራዋለች? ለሦስት ሰው ሠርታ ለሁለት ሰው የምታቀርብ ሆናለች። ከግቢው ማንጎ ሥር ተቀምጣ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ክብሩ እንደማይሆን እያወቀች። አንዳንዴ ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ያንኑ ባዶ ምስማር አብራት ታያለች።

ማዕዶት ቤት ድረስ መጥታ ግድግዳውን አየች፣ የሆነውን ሁሉ ጠየቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ለእሷ እኮ አባቷ አልሄደም። ተራው ላይ ነው ያለው፤ እየጠበቀችው ነው። ስንብቱን በዓይኗ ትየው።"

ክብሩ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፣ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ። ቤተል ሰላም አላለችውም። ቆቡን ከራሱ ላይ አውልቃ ሰቀለችና ከሥሩ ተቀምጣ ሙዝ በላች። ማሚቱ እየሳቀች አለቀሰች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጅቷን በመነኻሪያው በኩል ይዘዋት አለፉ፤ ነገ አባቷ የሚሳፈርበትን ቦታ አሳዩአት። ማታ እትዬ ባዩሽ ብቅ ብለው፣ ደህና የረጋችውን ልጅ አትበጥብጧት፣ እንዳለፈው ሹልክ ይበል አሉ። ክብሩ ራሱ ልቡ አመነታ። ማሚቱ እትዬ ባዩሽን ታከብራቸዋለች፤ በዕድሜዋ መልሳላቸው አታውቅም። ያን ማታ ግን መለሰች።

"እትዬ፣ ተደብቀን ምን አተረፍን?"

ሰኞ ጠዋት ኩባያው ወረደ፣ ማበጠሪያው ወረደ። ቆቡን ቤተል ራሷ አውርዳ አባቷ ራስ ላይ አደረገችው። ቦርሳውን ማሚቱ አሳዘለቻት፤ ትምህርት ቤት ትገባለች ብላ ሳይሆን ተራው እንዳይጎድል ብላ ነው። ማሚቱ ቅርጫቱን ይዛ፣ ሦስቱም በእግር ወደ መነኻሪያ ወረዱ።

ክብሩ ልጁ ፊት ቁጢጥ ብሎ "አባ ካምባ ይሄዳል፣ አባ ይመለሳል" አላት፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ማሚቱ ዞረ።

"ያን ዕለት ተኝተሽ አልነበረም፣ አይደል?"

"አልተኛሁም" አለችው። "ዛሬ ልሰናበትህ።"

ተሰናበቱ። ሰው እያየ፣ ረዳቱ ካምባ ካምባ እያለ እየጮኸ፣ ማሚቱ አንገቱን አቅፋ እንደ ልቧ አለቀሰች።

መኪናው ሲነቃነቅ ክብሩ ቆቡን አውልቆ በመስኮቱ ለቤተል አቀበላት። የካምባን ፀሐይ ባዶ ራሱን ሊችለው ነው። ልጅቷ መኪናው ከበሩ ወጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ ቆቡን በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ከኩባያውና ከማበጠሪያው ጋር ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችው። አለቀ ማለት ነው።

ለማሚቱ ግን አላለቀላትም። መኪናው የታጠፈበትን እያየች ቆማ ቀረች። ቆቡን ፊቷ ላይ አድርጋ ልታሸተው እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰደደች። ትንሽ እጅ መጣና እጇን ያዘው። ቤተል እናቷን አላየቻትም፤ የምታየው ባጃጆቹ የቆሙበትን ነው።

"ቀጥሎ ቦርሳ" አለች።

ማሚቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ቅርጫቱን አንስታ ተከተለቻት።