የሰመረ አምባሻ

«ሊጡ ገንፍሏል፤ ምን ይሻላል?» አሉ እትዬ የሺዓለም ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ዳናይት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። ከእናቷ ሠልስት ጸሎት ከተመለሱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም።

«አይንኩት።»

«ልጄ፣ ሦስተኛ ቀኑ እኮ ነው። ሆምጥጧል። ወለሉ ላይ ሁሉ ወርዷል።»

«አይንኩት አልኩ፣ እትዬ!»

እትዬ የሺዓለም የማድ ቤቱን በር ገርበብ አደረጉ። ከዳናይት እናት ከምብራት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጎረቤት ናቸውና ሊጡ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አላጡትም። ምብራት ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ጠዋት፣ ለገና ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ዱቄቱን በእርሾ አቡክታ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ እጇን ልትታጠብ ስታጎነብስ ወደቀች። ሐኪም ቤት ሲደርሱ አልፋለች። የገነዟት ሴቶች ከጥፍሯ ሥር ሊጥ እያወጡ ሲያጥቧት ዳናይት በዓይኗ አይታለች።

ዛሬ የገና ዋዜማ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ የሚመጣው ሰው ሁሉ ዶሮ አንጠልጥሏል፤ የለቅሶው ድንኳን አጠገብ ሲደርስ ግን እንደማፈር ብሎ ወደ ኋላው ይሸሽጋታል። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ ወደየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶችም ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይረው መጥተዋል። ንፍሮ ይዞራል፤ ቡና በፔርሙስ ይቀዳል። ከዳናይት ጀርባ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«አምባሻዋ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። አሠራሩን ለማን ተወችው?»

«ለማን ትተዋለች? ልጅቷ እንደሆነች ቢሮ ነው የምትውለው።»

ዳናይት ሰማች። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ ደብተር ይዛ እናቷ አጠገብ ቆማ ነበር። «ስንት ማንኪያ?» ስትላት እናቷ ሳቀች። «የምን ማንኪያ? ከእጅሽ ሲላቀቅ ያን ጊዜ በቃው ማለት ነው።» ኮረሪማውን በመዳፏ፣ ድንብላሉን በሦስት ጣቷ፣ ጥቁር አዝሙዱን እንደዘበት በተን። ዳናይት አንድ መስመር ሳትጽፍ ደብተሩን ዘጋችው።

ምብራት ለገና ሁልጊዜ ሁለት አምባሻ ትሠራ ነበር። ትልቁ የቤተሰቡ ነው፤ ፊቱን በቢላ ጫፍ እንደ ፀሐይ ጨረር ትከፋፍለዋለች። ትንሹ፣ በሌላ ሳህን ለብቻው የሚቦካው፣ የታላቅ ወንድሟ የሰመረ ነው። ዳናይት ልጅ ሆና በዚህ ነገር ስንት ጊዜ አልቅሳለች። «ለምን ለሱ ብቻ?» ስትል እናቷ «የሱ የሱ ነው» ብቻ ትላት ነበር። የበኩር ልጅ ነውና ለዳናይት ማሞላቀቅ ይመስላት ነበር።

ሰመረ ለሥራ መቀሌ በሄደ በዓመቱ ጦርነቱ መጣ፤ ስልክ ተቆረጠ። ሁለት ገና ያለ ድምፅ አለፈ። ስልኩ በተከፈተ በሳምንቱ ካላዩ የሚባል የሥራ ባልደረባው ለዳናይት ቢሮዋ ደወለ። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ጥግ ቆማ ሰማችው። ሰመረ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የተቀበረበትን ያየ ሰው አለ።

ማታውኑ ሽማግሌ ጠርታ መርዶ ማስነገር ነበረባት። ግን ሐኪሙ ስለ እናቷ ልብ የተናገረው ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ድንጋጤ እንዳይደርስባት ብሏል። ቤት ገባችና አፏ ሌላ ተናገረ። «እማዬ፣ ሰመረ ተገኘ! ደህና ነው። ገጠር፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ነው ያለው።» ምብራት መሬቱን ሳመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ድምፁን ብቻ አሰሚኝ» ሆነ ነገሯ ሁሉ።

ገና ሲደርስ ምብራት ትንሹን አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ «በሰው ላኪለት» አለቻት። ዳናይት ይዛው ወጣች። የምትልክበት ሰው የለም። ልትጥለውም አልቻለችም። ቢሮዋን ዘግታ፣ እየቆረሰች፣ እንባዋ እየወረደ ሦስት ቀን በላችው። ጥቁር አዝሙዱ ጥርሷ ሥር እየፈነዳ።

በሳምንቱ እናቷ ጠየቀቻት። «ደረሰው?»

«ደረሰው እማዬ። አንድ ፍርፋሪ አላስቀረም። ጥቁር አዝሙዱ ነው ያጣፈጠው ብሏል።»

ምብራት ልጇን አየቻት። ቆይታ «ደግ» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ድምፁን አሰሚኝ ማለት ተወች። ዳናይት አመነችኝ ብላ ነበር። የሚቀጥለውንም ገና እንዲሁ አሳለፉት።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ።»

ዳናይት ከሐሳቧ ባነነች። ጋሽ ራጉኤል ናቸው፤ ከድልድዩ በታች ያለው ዳቦ ቤት ባለምድጃ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ የበዓል ሊጧን እሳቸው ጋ ወስዳ ታስጋግራለች። ሰልፉን ጥለው ነው የመጡት፤ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ።

«እሷስ አረፈች» አሉ አጠገቧ ተቀምጠው። «ከልጇ ጋር ተገናኘች።»

«ከየትኛው ልጇ?»

«ከሰመረ ነዋ።»

ዳናይት እጃቸውን ይዛ ወደ ማድ ቤቱ ወሰደቻቸው፤ በሩን ዘጋች።

«ማን ነገረዎት?»

«እሷ።»

«እማዬ አታውቅም ነበር።»

ጋሽ ራጉኤል ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«እንዴት?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ስትመጣ ትንሹ አምባሻ ላይ ጥቁር አዝሙድ አየሁ። ‹ምብራት፣ ይሄ የልጁ አይደለም እንዴ? ተሳሳትሽ?› አልኳት። ሰመረ እኮ ጥቁር አዝሙድ ባፉ አይዞርም። ሰባት ዓመቱ ላይ ቀምሶ ጉሮሮው አብጦ ሊሞት ነበር፤ ተሸክሜ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። የሱ ለብቻው የሚቦካው ለዚያ ነበር። ‹አልተሳሳትኩም፤ ጋግረው› አለችኝ።»

ዳናይት ሊጡን ወደ ሸፈነው ነጭ ጨርቅ ዞረች።

«በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ‹አይቶ ይመልሰዋል ብዬ ነበር፤ በላው አለችኝ፣ ራጉኤል። አጣፈጠው ብሏል አለችኝ። ልጄ የለም› አለች። እዚያው አለቀሰችው። ምድጃው ስለሚጮህ ሰው አልሰማትም።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ስንቴ ለመንኳት! ‹ለእኔ ብላ ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ማወቄን ካወቀች እኔ ፊት መቆም ያቅታታል። ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ› አለች። ጠበቀች፣ ልጄ።»

ጋሽ ራጉኤል ሲወጡ ዳናይት ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሁለት ዓመት። አንዷ ቢሮ ውስጥ አለቀሰች፣ አንዷ ዳቦ ቤት ውስጥ። ማታ እየተያዩ ራት ይበላሉ፤ ጠዋት ደህና ዋይ ይባባላሉ። እናቷ ለልጇ ጥቁር አልለበሰችም፤ ደረቷን አልመታችም፤ ሰው ፊት «ሰመረዬ» ብላ አልተጣራችም። የከለከለቻት ዳናይት ናት። ከሞት አድናታለሁ ብላ ለቅሶዋን ነጠቀቻት፤ ሞቱን ግን አላስቀረችውም።

ጨርቁን ገልጣ ሁለት እጇን ሊጡ ውስጥ ከተተች። ዱቄት ጨመረች፤ አሸች። ውሃ ሆኖ በጣቶቿ መሀል ሾለከ። እንደገና ዱቄት ጨመረች። «እሺ በለኝ» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እባክህ፣ እሺ በለኝ!» ከእጇ አልላቀቅ አለ። ከፊቱ የሚነሳው ኮምጣጣ ሽታ ዓይኗን ለበለባት። የእናቷ እጅ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ማንም ከእንግዲህ ዳቦ ሊያደርገው አይችልም።

እትዬ የሺዓለም ገብተው ከኋላዋ ቆሙ። ውሃ ቀድተው እጇን አስታጠቧት።

ከውጭ የወንዶች ድምፅ መጣ። «ያዝ ያንን ጫፍ! ወንበሩን ቁጠሩ!» ሠልስቱ ስለወጣ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ ነው። ዳናይት በባዶ እግሯ ወጣች። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለማርያም አንደኛውን ገመድ ፈትተው ሁለተኛው ላይ ደርሰዋል። ለቀስተኞቹ ተነስተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ቤታቸው በዓል ይጠብቃቸዋል።

«ጋሽ ኃይለማርያም፣ አይፍቱት።»

«ሠልስቱ ወጣ እኮ፣ ልጄ። ነገ ገና ነው። እናትሽን በወግ ሸኝተናታል።»

«ወንድሜ ሞቷል።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ሰመረ ሞቷል። ሦስት ዓመት አለፈው። እኔ ደብቄ ነው። እማዬ ታውቅ ነበር… ማንም አላለቀሰለትም።»

ከዚያ ከሴቶቹ መሀል አንዷ «ሰመረዬ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ኃይለማርያም መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ አነሱ። ካስማው ላይ ጠበቅ አድርገው መልሰው አሰሩት።