ሰማንያ ሦስቱ ወረቀቶች

ባሌ ሸህ ኡበይደላ ማንንም ማስከፋት አይወዱም፤ ከኔ በቀር። አበጋር ናቸው። በኛ አገር በሀብሩ አበጋር ማለት ደም የተቃባን የሚያስታርቅ፣ ሁለት ወገን ሲፋጠጥ መሀል ገብቶ የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። መሀል መቀመጡ ልማድ ሆኖባቸው ቤት ውስጥም ያው ናቸው። ከጎረቤት ስጣላ እንኳ "እሷም እውነት አላት፣ አንቺም እውነት አለሽ" ይሉኛል። ወላሂ እንዲህ ካለ ባል በላይ የሚያናድድ ነገር የለም!

ባለፈው ምርጫም ይኸው አመላቸው ተከተላቸው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እሳቸው ካስታረቋቸው ሁለት ቤቶች የአንደኛው ልጅ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የባላጋራው ቤት ልጅ። ታዲያ በቅሬያችን ስብሰባ ላይ ቆሙና "ወገኖቼ፣ እርቁ ገና ለጋ ነው። ለአንዱ ሰጥተን ሌላውን አናስከፋ። ሁሉም ፊት ምልክት አድርጉ" አሉ። ቅሬ ለቅሶውንም ችግሩንም አብረን የምንሸከምበት ማኅበራችን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሰዉ ያሉትን አደረገ። እኔም አደረግኩ። ሁለት ወረቀት ሲሰጡኝ ሁለተኛው ለመዝገብ ቤት የሚቀር ቅጂ መስሎኝ፣ በሁለቱም ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክቴን ደርድሬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

አምስት ዓመት አለፈ። ወንዛችን ዛሬም ድልድይ የለውም። በበጋ ልጆች ይራጩበታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሰው ይበላል። ልጄ መሪማ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ በኛ በኩል፣ ወደ ግራና ከተማ መውጫ ላይ ነው። አምና በነሐሴ ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ከጧት እስከ ማታ ዳር ላይ ቆሙ። እኔ በወዲህኛው ዳር ሆኜ ጩኸቷን እሰማ ነበር። ውሃው ጎድሎ ሲሻገሩ እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ዘንድሮም አርግዛለች። ቀኗ የሚደርሰው ያው ነሐሴ ላይ ነው። ወረዳ ስንሄድ ዞን፣ ዞን ስንሄድ ክልል እያሉን ስንት ጫማ ጨረስን!

ግንቦት ላይ መምህርት ደብሪቱ ስለ ምርጫ ልታስተምረን ቅሬው ስብሰባ መጣች። የለቅሶ ድንኳናችንን ጫፍ ጋርዳ የሚስጥር ቦታ አደረገችው፤ ትልቁን የቅሬ ድስት ክዳኑን በገመድ አስራ ኮሮጆ አለችው። ወረቀቱ ላይ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ፓፓያ ሥላለች።

"በምርጫው ቀን ሁለት ወረቀት ትቀበላላችሁ" አለች። "አንደኛው አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የአገሪቱን ሕግና በጀት የሚያጸድቀው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው ለክልሉ ምክር ቤት ነው። የገጠር መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ጤና ጣቢያው የሚወሰነው እዚያ ነው።"

ድልድይ ስትል ጆሮዬ ቆመ። ያ ቅጂ ያልኩት ወረቀት! ኧረ ጉዴ!

ለልምምድ አንድ አንድ ፍሬ መረጥን። ሲቆጠር ማንጎ አሸነፈ፤ መርሳ ገበያ ማንጎ እየሸጠ የሚኖር ሰው ሌላ ምን ሊመርጥ ኖሯል? አንድ ወረቀት ላይ ግን አራቱም ፊት ምልክት ተደርጓል። ደብሪቱ ከፍ አድርጋ አሳየችና "ከተፈቀደው በላይ ምልክት አለበት፤ ዋጋ የለውም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብላ ለብቻው አስቀመጠችው።

ሸህ ብድግ አሉ። "የኔ ነው፣ ልጄ። ለፍሬ እንኳ ማዳላት አቃተኝ።" ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ለአራቱም አንድ አንድ አይቆጠርላቸውም?"

"ለአራቱም ምንም አይቆጠርም፣ አባቴ። ባለፈው ምርጫ ቆጠራው ላይ ነበርኩ። ከየኮሮጆው እንዲህ ያለ ወረቀት ሰማንያ ሦስት ሰማንያ ሦስት አገኘን። ሰዉ ተቆጥቶ ያበላሸው መስሎን ነበር።"

ያን ጊዜ ከቅሬያችን ድምፅ የሰጠነው ልክ ሰማንያ ሦስት ነበርን።

ቤት ስንገባ ሸህ ምሳ አልበሉም። "እንግዲህ ለሰዉ ይንገሩታ" አልኳቸው።

"አበጋር ቃሉን ካጠፈ ማን ያምነዋል? ያስታረቅኩት ሁሉ ይፈርሳል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው ያሉት አባቶች።"

ያን ጊዜ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። "አንቱ ሰውዬ! የወለድነውማ ጠፋ! በእጅዎ ወንዝ ዳር ቀበሩት! አሁን ደግሞ የተናገሩት ይጥፋ!" ብዬ ጮህኩባቸው። አርባ ዓመት አብሬያቸው ስኖር እንዲያ ጮሄ አላውቅም። ወዲያው ጸጸተኝ፣ አለቀስኩ። እሳቸው ታጥበው ውዱእ አድርገው ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሰላት፣ ቆሙ። ግንባራቸውን ምድር አስነክተው ሱጁድ ላይ በጣም ቆዩ።

በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ። "ያን ጊዜ ያልኳችሁን አንሥቻለሁ። ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ሲያስታርቁ መሀል ይቀመጣሉ። ድምፅ ሲሰጡ ግን መሀል የሚባል ቦታ የለም። መጋረጃው ውስጥ ማንም አያያችሁም፤ እኔም ማንን መረጥክ ብዬ አልጠይቅም። እናንተ ሁለት ቤቶች ደግሞ ስሙኝ፤ ድምፅ ደም አይደለም። ተመረጠ ተብሎ ቂም አይያዝም።"

የቅሬው ዳኛ አቶ ሓድጉ፣ ምስጋና ከአፋቸው የማይወጣ ሰው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። "አበጋር ቃሉን ሲያነሣ ዛሬ አየሁ። ከእንግዲህ ቃልዎን ይበልጥ አምናለሁ" አሉ። ሸህ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ።

በምርጫው ቀን ሸህ ሁለቱን ወረቀት ይዘው መጋረጃው ውስጥ ገቡ፤ አይወጡም። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። "ሰውየው እዚያ ውስጥ እርቅ ጀመሩ እንዴ!" አልኩ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆነው ወጡ።

"ለማን ሰጡ?"

"ሚስጥር ነው፣ ዓቢዳ።"

"ለሚስትዎም?"

"ለሚስት በተለይ።"

በማግስቱ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ሰዉ ማን አሸነፈ እያለ ሲጋፋ፣ ሸህ ደብሪቱን ጠርተው "ዋጋ የሌለው የሚለውን ብቻ አንብቢልኝ" አሏት።

"ሁለት" አለች።

"አልሐምዱ ሊላህ!" አሉና ወደኔ ዞር ብለው "አንቺ አይደለሽም አይደል?" አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየኋቸው።

በሳምንቱ የቅሬው ሰው የፈረመበትን ደብዳቤ ይዘን መርሳ ድረስ ሄድን፣ ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጠው ሰው ጋ። ሰውየው ፈገግ ብሎ "ለመሆኑ ከናንተ ውስጥ እኔን የመረጠኝ ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

ሸህ ደብዳቤውን እጁ ላይ አኖሩ። "እሱ ሚስጥር ነው፣ ልጄ። ድልድዩ ግን ሚስጥር አይደለም። አሁን የሁላችንም ተመራጭ ነህ።"

ሰውየው ወንዙ ድረስ መጣ። ቀጥሎ ለኪዎች መጥተው በሁለቱም ዳር ቀይ የተቀቡ ችካሎች ተከሉ። ክረምቱ ካለፈ ሥራው ይጀመራል ብለውናል፤ እኛም በየወሩ እየሄድን እንጠይቃለን። ሸህ ግን የዘንድሮውን ነሐሴ ለማንም አላመኑትም። ሐምሌ ሳይገባ ማዶ ተሻግረው መሪማን ወደኛ ቤት አመጧት።

ወንዙ እያገሳ ጤና ጣቢያው ውስጥ ወለደች። ሴት ናት። ሸህ ሕፃኗን ታቅፈው አዛኑን በጆሮዋ አሰሟት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"የተናገርኩት ጠፋ፣ ዓቢዳ" አሉኝ፤ "የወለድነው ተገኘ።"